ለቦራ የጻፍኩት የአይዞህ ደብዳቤ

ሰው በመሬት ይከሰሳል፣ በትዳር ይከሰሳል፣ በስድብም ይከሰሳል። እኔ በላም ተከስሻለሁ። ይባስ ብሎ ክሱን አሸንፌያለሁ። ለዚህ ድሌ እስከ ዛሬ እንኳን ደስ ያለህ ያለኝ ሰው የለም፤ እኔም ለራሴ ብዬው አላውቅም። ነገሩን ከሥሩ ካልጀመርኩላችሁ አይገባችሁምና ትንሽ ታገሡኝ። ታሪኩ አጭር ነው፤ የሚያስረዝመው እኔ ነኝ። መምህር ስለሆንኩ ደወል ካልተደወለ ማቆም አልችልም።

ያኔ ሚዛን ተፈሪ ኮሌጅ ውስጥ የውል ሕግ አስተምር ነበር። ባጃጅ ከተማዋ ውስጥ ገና ብርቅ ነበረች፤ ለሞባይላችን ኔትወርክ ፍለጋ ደግሞ ኮረብታ እንወጣ ነበር። ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ማርቆስ ከተማ መሀል ነው። ሚዛን መመደቤን ስነግራት እናቴ መጀመሪያ የጠየቀችኝ "እዚያ ሰው አለህ?" ብላ ነው። "ይኖረኛል" አልኳት። ከሁለት ክረምት በኋላም ስልክ በደወልኩ ቁጥር መልሴ ያው "ይኖረኛል" ነበር።

ሚዛን ውስጥ የጠላኝ ሰው አልነበረም፤ ይህን መመስከር አለብኝ። መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ "መምህር እንዴት ነህ?" ይለኛል። "ደህና" እላለሁ። ያልፋል። ችግሩ ከ"ደህና" በኋላ የሚቀጥል ነገር አለመኖሩ ነበር። ቅዳሜና እሁድ ዝናቡ የተከራየሁባትን ክፍል ቆርቆሮ ሲደበድብ ከማንም ጋር ሳልነጋገር እውልና ሰኞ ክፍል ስገባ ድምፄ ሻክሮ ይወጣል። የሰኞ ተማሪዎቼ "ጉንፋን ይዞህ ነው መምህር?" ይሉኛል። አዎ እላቸዋለሁ። ዓመቱን ሙሉ ጉንፋን የያዘው መምህር እየተባልኩ መታወቄን በኋላ ነው የሰማሁት።

ከ"ደህና" በኋላ የሚቀጥለው ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ የኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ዘበኛ ማቴዎስ። ማቴዎስ ከቱም ከተማ ወዲያ በእግር ከሚገባበት ገጠር የመጣ ላጤ ነው። አማርኛን የተማረው ካደገ በኋላ ስለሆነ "እርስዎ" የሚባለውን ነገር ሳያነሳው ነው የመጣው፤ የኮሌጁን ዲንም፣ እኔንም፣ ቄሱንም "አንተ" ይላል። "ደህና ነኝ" ስለው ትክ ብሎ ያየኛል። ከዚያ "ምን በላህ?" ይለኛል። እኔም የበላሁትን እነግረዋለሁ። ይህ ለእናንተ ጨዋታ ላይመስል ይችላል። ለእኔ ግን የቀኑ ረጅሙ ወሬ ነበር።

አሁን ወደ ሕጉ ልግባ። አትሩጡ፣ አጭር ነው።

በውል ሕግ ትምህርት ውስጥ አንድ የደብዳቤ ዓይነት አለ። በአማርኛ ምን ልበለው ብዬ ብዙ ተጨንቄ በመጨረሻ ለተማሪዎቼ "የአይዞህ ደብዳቤ" አልኩላቸው። አንድ ትልቅ ድርጅት አንድ ትንሽ ድርጅት ወልዷል እንበል። ትንሹ ባንክ ሄዶ ብድር ይጠይቃል። ባንኩ ትልቁን "ዋስ ትሆነዋለህ?" ይለዋል። ትልቁ ዋስ መሆን አይፈልግም፤ እምቢ ማለትም ያሳፍረዋል። ስለዚህ ደብዳቤ ይጽፋል። "ልጄን አውቀዋለሁ፤ ከጎኑ አልጠፋም፤ ያለበትን እንዲወጣ እከታተለዋለሁ፤ አይዞህ" ይላል። "እሱ ባይወጣው እኔ እወጣዋለሁ" የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ብቻ ይዘላታል። ልጁ ሲከስር ባንኩ ደብዳቤዋን ይዞ አባትየው በር ላይ ይቆማል። እንግዲህ ደብዳቤዋ ታስገድዳለች ወይስ አታስገድድም? በየአገሩ ያሉ ዳኞች ቃላቱን እያገላበጡ አንዳንዴ ታስገድዳለች፣ አንዳንዴ አታስገድድም ብለዋል። የእኛ ሕግ ደግሞ ዋስትና በግልጽ ካልተነገረ አለ ተብሎ አይገመትም ይላል። ስለዚህ እኔ ደረቴን ነፍቼ "አታስገድድም" እያልኩ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼም ይጽፋሉ።

ታዲያ አንድ ቀን ማቴዎስ ከበሩ ላይ ጠራኝ።

"መምህር፣ አንድ ወረቀት ጻፍልኝ።"

"ምን ዓይነት ወረቀት?"

"ዘነበች ላም አላት። ለርቢ ስጪኝ አልኳት። 'ማን ያውቅሃል?' አለችኝ። 'መምህር ያውቀኛል' አልኩ። 'እንግዲያው ይጻፍ' አለች።"

ለማታውቁት፣ ላም ለርቢ ሲሰጥ ባለቤቷ ላሟን ታስረክባለች፤ ተቀባዩ እያበላ እያጠጣ ይይዛታል፤ ስትወልድ የጥጃው ነገር በስምምነታቸው ይሆናል። ወይዘሮ ዘነበች፣ ከተማው የሚጠራቸው እትዬ ዘነቡ እያለ ነው፣ ገበያ ውስጥ ኮረሪማ የሚሸጡ ባላቸው የሞተባቸው ሴትዮ ናቸው። ከገበያው ጀርባ ባለች አንድ ክፍል ከኮረሪማ ጆንያዎቻቸው ጋር ይኖራሉ። ከባላቸው የቀረቻቸው ሀብት አንዲት ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ላም ናት፤ ቦራ ይሏታል። የሚያስሩበት ደጅ ስለሌላቸው ለሰው መስጠት ግድ ሆኖባቸዋል። ላሟ ደግሞ እርጉዝ ነበረች።

ያን ቀን ማታ ደብዳቤውን ለመጻፍ ተቀመጥኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለሰው ደብዳቤ ከጻፍኩ ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር። ለማን እጽፋለሁ? እስክሪብቶዬን ሳነሳ ውስጤ ተጠራቅሞ የኖረው ሙቀት ሁሉ በአንዲት ላም ላይ ፈሰሰ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

"ለወይዘሮ ዘነበች። ማቴዎስን በቅርብ አውቀዋለሁ። ላሚቱን እንደ ዓይኑ ብሌን እንደሚጠብቃት እምነቴ ነው። እኔም ከማቴዎስ ጎን አልለይም፤ ዓይኔንም ከላሚቱ ላይ አላነሳም። ስለዚህ እርስዎ በሰላም እንዲተኙ እመኛለሁ።"

ቆንጆ አይደለም? መጨረሻ ላይ ያለችውን "እመኛለሁ" ልብ በሉልኝ። "ዋስ ነኝ" አላልኩም፤ "እገደዳለሁ" አላልኩም፤ ተመኘሁ እንጂ። ያቺን ቃል ካስገባሁ በኋላ ለብቻዬ ፈገግ አልኩ። በነጋታው ማቴዎስ ወረቀቱን በሁለት እጁ ተቀብሎ ደረቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። እትዬ ዘነቡ ደግሞ ንባብ ለሚችል ሁሉ እያስነበቡት ገበያው በቃሉ ያዘው። ለሳምንታት ስኳር ልገዛ ስወጣ "ዓይኑን የማያነሳው መጣ" ይሉኝ ነበር።

የቡናው ለቀማ ሊጀመር ሲል ለማቴዎስ መልእክት ደረሰው፤ አባቱ ታመዋል። ሌሊቱን ተነሥቶ ሄደ። እኔን አላገኘኝም፤ ለጎረቤቱ ብቻ "የላሟን ነገር ለዘነበች ንገርልኝ፣ መምህር አለ" ብሎ ነው የሄደው። እሱ ያለበት ደግሞ እንኳን ኔትወርክ መኪናም አይደርስም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ካፊያው መሀል በሬ ተንኳኳ። ከፈትኩ። እትዬ ዘነቡ ናቸው፤ ከኋላቸው ቦራ። እንግዳ ናፍቆኝ ስለነበር መጀመሪያ ደስ ነው ያለኝ።

"ይግቡ እትዬ ዘነቡ!"

"አልገባም። እሷን አስገባ። በል ያዝ!" ብለው ገመዱን ዘረጉልኝ።

"ለምን?"

"ማቴዎስ ጠፋ። አንተ ከጎኑ አልለይም ብለሃል። እሱ ከሌለ ጎኑ አንተ ነህ።"

በዚህ ጊዜ ነው ሕግ የተማርኩበትን ቀን የረገምኩት። ገመዱን ከተቀበልኩ የአደራ ውል ይመሠረታል የምትል ሐሳብ ጭንቅላቴ ውስጥ ብልጭ አለች። ሁለቱንም እጆቼን ሱሪዬ ኪስ ውስጥ ከተትኳቸው።

"እትዬ ዘነቡ፣ ደብዳቤው በሕግ አያስገድደኝም። በምሳሌ ላስረዳዎት። እርስዎ ባንክ ነዎት እንበል…"

"እኔ?"

"በምሳሌ። ማቴዎስ ደግሞ ተበዳሪ ነው። ላሚቱ ብድሩ ናት።"

"ብድር ሣር ይበላል?"

"አይበላም፣ ግን…"

"እንግዲያው ብድር አይደለችም" አሉና ገመዱን እግሬ ሥር ጥለው ሄዱ። የግቢው በር ላይ ሲደርሱ ዞረው "እርጉዝ ናት፣ አትምታት!" አሉኝ። መምታት? እጆቼ ኪሴ ውስጥ ነበሩ።

ቦራ ትንሽ አየችኝ። ከዚያ ገመዷን እየጎተተች በቀጥታ ወደ ጋሽ ከድር ጎመን ሄደች። ጋሽ ከድር አከራዬ ናቸው፤ ከግቢው ፊት ለፊት ሱቅ አላቸው፤ ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ያቺን ጎመን እንደ ልጅ ነው የሚያሳድጓት። ላሚቱ ስትገምጠውም እኔ እጄን ኪሴ ከትቼ ቆሜ አየሁ። ብይዛት አደራ ነው፤ ባልይዛት ጎመኑ ነው። በሕግ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ጥያቄ ለፈተና አይወጣም።

ጋሽ ከድር ከሱቃቸው ሮጠው መጡ። "የማን ላም ናት?"

"የእኔ አይደለችም። በሕግ ዓይን ሲታይ…"

"የሕጉን ዓይን ተወውና በጎመኔ ዓይን ንገረኝ! ያዝ እንጂ!"

በመጨረሻ ገመዱን በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ ብቻ ቆንጥጬ ያዝኩት። ሙሉ እጅ እንዳልሆነ ሰው እንዲያይልኝ ክንዴን ዘርግቼ ነበር። "መብቴን እንደጠበቅኩ ነው የያዝኩት!" ብዬ ጮህኩ። ግቢው ውስጥ ከጋሽ ከድር በቀር የሰማኝ የለም፤ እሳቸውም የወደቀ ጎመን ይለቅሙ ነበር።

ሰኞ ቦራን ለመመለስ እትዬ ዘነቡ ቤት ሄድኩ። ክፍላቸው ውስጥ ከጆንያው ተርፎ እሳቸው የሚቀመጡባት ቦታ ራሷ ጠባብ ናት። ላሟን የት ላስገባት? ይዤያት ተመለስኩ። እትዬ ዘነቡ ግን "ሊመልስልኝ መጣ!" ብለው ተቆጥተው በዚያው ሳምንት የቀበሌው ማህበራዊ ፍርድ ቤት ከሰሱኝ። ክሱ ባጭሩ፣ መምህሩ በደብዳቤው መሠረት ላሜን ይጠብቅ የሚል ነው።

የጽሑፍ መልሴን ስጽፍ እንዴት እንደተደሰትኩ አትጠይቁኝ። ያስተማርኩትን ሁሉ አስገባሁበት። የአይዞህ ደብዳቤ ምን እንደሆነ፣ በሕግ ለመገደድ መፈለግና ደግ መሆን የተለያዩ መሆናቸውን፣ "እምነቴ ነው" የሚለው ሐሳብ እንጂ ቃል ኪዳን አለመሆኑን፣ "እመኛለሁ" ደግሞ ጭራሽ ምኞት መሆኑን ዘረዘርኩ። ገጽ በገጽ ላይ ተደራረበ። ማጠቃለያው ላይ "ተከሳሽ ከላሚቱ ጋር አንዳችም ግንኙነት የለውም" ብዬ አሰመርኩበት። ከዚያ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ለላሚቱ የሙዝ ግንድ ልከትፍ ወጣሁ።

ሰብሳቢ ዳኛው ራሳቸው የቡና ገበሬ ናቸው። ጉዳዩ ሲቀርብ ቡናው ቀልቶ ነበርና ለቀማው ይለፍ ተብሎ ተቀጠረ። በተቀጠረው ቀን ስንመጣ ደግሞ ቡናው ስጥ ላይ ነው፣ ዝናብ ሊመታው ነው ተባለና እንደገና ተቀጠረ። አልተከፋሁም። እንዲያውም በሁለተኛው ቀጠሮ ደስ ብሎኝ ወደ ቤት ስመለስ ራሴን ታዘብኩትና ደነገጥኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠዋት ስነሣ የምትጠብቀኝ ነገር አለች። በሬን ስከፍት ጆሮዋን ታዞራለች። ሣር ተሸክሜ ከላይኛው መንገድ ስወርድ ተማሪዎቼ ያዩኛል፤ አንዳንዶቹ ይስቃሉ፣ አንዳንዶቹ ይሸከሙልኛል፣ የተሸከሙልኝ ደግሞ ስለ ላም የሚያውቁትን ሁሉ እየነገሩኝ እስከ ግቢዬ ይመጣሉ። የሰኞን ትምህርት እሁድ ለቦራ አስተምራታለሁ። ከክፍሌ ተማሪዎች በምንም አታንስም፤ እሷም ታመሰኳለች። ሰኞ ክፍል ስገባ ታዲያ ድምፄ ጥርት ብሎ ወጣ። "ተሻለህ እንዴ መምህር?" አሉኝ።

እትዬ ዘነቡም በየቀኑ ይመጣሉ። ከገበያ ሲመለሱ በሬ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ ይሉና ይሰድቡኛል። "ውሃው ቆሽሿል፣ ዓይንህ አያይም? ገመዱ አጥሯል፣ ልታንቃት ነው? ይሄ ነው መምህር ተብዬው!" ከሳሼ ስለሆኑ መልስ መስጠት አይገባኝም፤ ሻይ ግን አፈላላቸው ነበር። ስድባቸውን ሲጨርሱ ሻያቸውን ይጠጣሉ፤ ሲጠጡ ስለ ባላቸው ያወራሉ። በቀን አንድ ጊዜ የሚሰድበኝ ሰው አገኘሁ ማለት ነው። ሚዛን ከመጣሁ እንዲህ ያለ ክብር ገጥሞኝ አያውቅም።

አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ቦራ መቆም መቀመጥ አበዛች። እኔ የማውቀው ወሊድ ቢኖር የድርጅት ብቻ ስለሆነ እየጮህኩ ወደ ጋሽ ከድር ሱቅ ሮጥኩ። ጋሽ ከድር ሱቃቸውን ሳይዘጉ መጡ፤ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። እትዬ ዘነቡ ከየት እንደሰሙ እንጃ፣ ጆንያቸውን ለጎረቤት ጥለው እየለፈለፉ ደረሱ። እኔን "ከጭንቅላቷ በኩል ቁምና አናግራት" አሉኝ። ምን ልበላት? "አይዞሽ" አልኳት። ደጋግሜ "አይዞሽ" አልኳት። በመጨረሻ እርጥብ፣ እግሩ የሚንቀጠቀጥ፣ እንደ እናቱ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ጥጃ መሬቱ ላይ ተዘረጋ። አለቀስኩ። ጋሽ ከድር አይተው እንዳላዩ ሆኑልኝ።

የላሟ እንገር ሲፈላ ግቢው ሞላ። የመጀመሪያው ወተት ለብቻ አይበላማ፤ ጎረቤት ተጠራ፣ ተማሪዎች መጡ፣ የሥራ ባልደረቦቼ ክፍሌ የት እንደሆነች ለመጀመሪያ ጊዜ አዩ። ወንበር ስላልነበረኝ እትዬ ዘነቡ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠው እንገሩን ያድሉ ነበር። አንዲት ጎረቤት "እናትህ አሉ? ደህና ናቸው?" ብላ ጠየቀችኝ። ሳይታወቀኝ ስለ እናቴ ብዙ አወራሁ። ማንም ተነሥቶ አልሄደም። በሳምንቱ ኮረብታው ላይ ወጥቼ ስደውልላት "አሁን ሰው አለኝ" አልኳት። ላም ነው ያለኝ ማለት ከብዶኝ ነው።

ከዚያ ቀጠሮው ደረሰ።

ጠዋት ልብሴን ስለብስ ወስኜ ነበር። መገደድ እፈልጋለሁ። ፍርድ ቤቱ "ተከሳሽ ላሚቱን ይጠብቅ" ብሎ እንዲፈርድብኝ ነው የምሄደው። ከዚህ ቀላል ነገር ምን አለ? ለመሸነፍ ጠበቃ አያስፈልግም።

የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ገበያተኛው ሁሉ ተሰብስቧል። ሰብሳቢው ጣታቸው በቡና ገለባ የጠቆረ ሽማግሌ ናቸው።

"ተከሳሽ፣ ክሱን ታምናለህ?"

"አምናለሁ!"

ሰብሳቢው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። "ምኑን ነው የምታምነው?"

"በደብዳቤው እገደዳለሁ። ላሚቱን እጠብቃለሁ።"

ሰብሳቢው የጽሑፍ መልሴን አነሡት። ወረቀቱ ጠርዙ ተልጧል፤ ዳኞቹ እየተቀባበሉ አንብበውት ኖሯል። "እኛ ይህን ስናነብ ከረምን። ጨርሰን አመንበት። ደብዳቤው አያስገድድም ብለህ አስረድተኸናል። አሁን ምን ተገኘ?"

"ሐሳቤን ቀየርኩ።"

ያን ጊዜ እትዬ ዘነቡ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። ፊታቸውን ሳየው የእንገሩ ዕለት አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠው የነበሩት ሴትዮ አልነበሩም።

"ቆይ፣ ቆይ! ስትራብ አይገደድም፤ ስትወልድ ይገደዳል? ደረቅ ሆና ሳመጣት እጁን ኪሱ ከተተ፤ አሁን ጡቷ ሲሞላ እጁን አወጣ!"

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። እኔም ከሰው ብሰማው እስቅ ነበር።

"እትዬ ዘነቡ፣ እኔ ወተት አልፈልግም።"

"ታዲያ ምን ትፈልጋለህ?"

መልሱ አፌ ላይ ነበር። ሰው ነው የምፈልገው። በሬ ላይ ተቀምጠው እንዲሰድቡኝ እፈልጋለሁ። ጋሽ ከድር ሱቃቸውን ጥለው እንዲሮጡልኝ እፈልጋለሁ። እሁድ እሁድ ጸጥታው እንዳይመለስብኝ እፈልጋለሁ። ይህን ግን ገበያተኛ በሞላበት አዳራሽ፣ ተማሪዎቼ በመስኮት እያዩኝ፣ እንዴት አድርጌ ልበለው? "ፍትሕ" አልኩ። ሳቁ እንደገና ተነሣ።

ከዚያ በኋላ ጉዱ ተገለበጠ። እትዬ ዘነቡ የእኔን መልስ ጠቅሰው አልገደድም ብሏልና ላሜን ይመልስ ብለው ተከራከሩ። እኔ "ዓይኔን አላነሳም" የሚለው ሐረግ ግልጽ ግዴታ ነው ብዬ ተከራከርኩ። ሰብሳቢው ለእያንዳንዷ ክርክሬ ከራሴ ጽሑፍ ገጽ እያወጡ መልስ አነበቡልኝ። እንደዚያ ቀን መምህርነቴን የጠላሁበት ቀን የለም፤ ጽሑፉ ቀዳዳ አልነበረውም። "ተከሳሽ ከላሚቱ ጋር አንዳችም ግንኙነት የለውም" የምትለዋን ሲያነቡ ከሥሯ ያሰመርኩባት መስመር ከሩቅ ታየኝ።

ወሰኑ። ደብዳቤው አያስገድድም። ተከሳሽ ነጻ ነው። ላሚቱ ከነጥጃዋ ለባለቤቷ ትመለስ።

እትዬ ዘነቡን ተከትዬ እስከ መንገድ ሮጥኩ። "በቃ ሌላ ወረቀት እንጻፍ። በምስክር፣ በፊርማ፣ 'እገደዳለሁ' የሚል እጽፋለሁ።"

ቆሙ። ቁጣቸው በርዶ ነበር፤ የቀረው ድካም ነው። "ልጄ፣ ያቺን ወረቀት ስትሰጠኝ እውነትም በሰላም ተኛሁ። አንተው ጻፍካት፣ አንተው ፈታሃት። ሌላዋን ብትጽፍ ሌላዋንም ትፈታታለህ። ትምህርትህ እሱ ነው፤ አልፈርድብህም። እኔ ግን ያለችኝ አንዲት ላም ናት።"

ቦራ ቴፒ ለምትኖር የእህታቸው ልጅ ተሰጠች። አይሱዙ ላይ ስትጫን እንድረዳ እንኳ አልጠሩኝም፤ ከትምህርት ስመለስ ግቢው ውስጥ ካስማው ብቻ ተተክሎ ነው ያገኘሁት። ጋሽ ከድር "ጎመኔ ተገላገለ" አሉ። ከዚያ ወደ ሱቃቸው ገቡ። ድንጋዩ ላይ የሚቀመጥ ጠፋ። ሣር ይሸከሙልኝ የነበሩ ተማሪዎች መንገድ ላይ "መምህር እንዴት ነህ?" ይሉኛል። "ደህና" እላለሁ። ያልፋሉ።

በጋው ሊያልቅ ሲል አንድ ከሰዓት በኋላ ማቴዎስ በሬ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ከስቷል፤ ጸጉሩን ተላጭቷል። ምን እንደሆነ ሳይነግረኝ ገባኝ።

"አባትህ?"

"ሞተ። ግን ደረስኩ። ብዙ ቀን አብሬው ተቀመጥኩ። እኔ ነኝ ያጠብኩት፣ እኔ ነኝ ውሃ ያጠጣሁት።" የጫማውን አቧራ አራገፈ። "'የሰው ላም ይዘሃል አሉ፤ ለማን ጥለህ መጣህ?' አለኝ አባቴ። 'መምህር አለ፤ ዓይኔን አላነሳም ብሎ ጽፏል' አልኩት። 'እንግዲያው ሰው አለህ' አለኝ። ያ ወረቀት ባይኖር አልሄድም ነበር መምህር። ላም ጥዬ አልሄድም።"

ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። ገጽ በገጽ የጻፍኩት መልስ፣ ያሰመርኩበት መስመር፣ የአዳራሹ ሳቅ ሁሉ መጣብኝ። አንድ ሽማግሌ ከቱም ወዲያ ተኝተው ልጃቸው ሰው እንዳለው አምነው ሞተዋል። ያ ሰው ደግሞ እኔ ነኝ።

"ላሟ የት አለች?" አለ ማቴዎስ ግቢውን እየቃኘ።

ነገርኩት። ከኪሴ ጀምሬ እስከ ፍርዱ ድረስ አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ ሰማ። ሕጉ ላይ ስደርስ ግንባሩን ቋጠረ፤ ስለ እንገሩ ስነግረው ፈገግ አለ።

"ስለዚህ አሁን የሚያስገድድህ የለም?"

"የለም" አልኩት። "ማንም የለም።"

ካስማውን ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ መጥቶ ድንጋዩ ላይ ከጎኔ ተቀመጠና እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገ።

"አይዞህ" አለኝ።

አባቱን ቀብሮ የመጣው እሱ ነበር።